ለጀልባም ለቤትም የሚሆን መሣሪያ ሲመርጡ ከጉልበቱ በፊት ልጓሙን ይዩ

ጥያቄው፦ «ርዝመቷ 7 ሜትር ገደማ የሆነች ያገለገለች የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝቻለሁ። ጥገናዋን በራሴ እጅ መሥራት እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥም መደርደሪያ መስቀል፣ በር ማስተካከል፣ ቁምሳጥን መጠገን የመሳሰለውን የምሠራው እኔው ነኝ። ሦስት ወይም አራት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብቻ ብገዛ ለሁለቱም የሚበቃኝ የትኛው ነው? በባትሪ የሚሠራ ይሻላል ወይስ በገመድ? ጉልበታቸው ከፍ ያሉትን ብመርጥስ?»

መጨረሻ ላይ ከጠየቁት ልነሣ፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚፈታው። ጉልበቱ ከፍ ያለውን ትተው ቀስ ማለት የሚችለውን ይምረጡ። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ከፍተኛው ፍጥነት ነው። ጀልባ ለሚጠግን ሰው የሚያስፈልገው ቁጥር ግን ዝቅተኛው ነው፦ ማሽኑ ምን ያህል ዝግ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭና ሳይቆም መሥራት ይችላል?

ምክንያቱ የጀልባዋ ገላ ነው። ላይዋ ላይ የሚያብረቀርቀው ልባስ ጄልኮት ይባላል፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ ያለውን የመስታወት ክርና ሙጫ ከውሃና ከፀሐይ የሚጠብቀው ይኸው ስስ ሽፋን ነው። ቤት ውስጥ የበር ጠርዝ ሲያለሰልሱ 1 ሚሊሜትር ቢያልፍብዎት በሩ እንዲያውም ቀለል ብሎ ይዘጋል። ጀልባ ላይ ያቺው 1 ሚሊሜትር ጄልኮቱን ጨርሳ ክሩን ታወጣዋለች፤ ያን ለመመለስ ደግሞ መሙላት፣ ማድረቅ፣ እንደገና ማለስለስና ቀለሙን ከቀድሞው ጋር ማመሳሰል አለ። የግማሽ ደቂቃ ስሕተት የሁለት ቀን ሥራ ይወልዳል። ስለዚህ ከታች የምጠቅሳቸውን ሁሉ የመረጥኩት በአንድ መስፈርት ነው፦ ልጓም አላቸው ወይ?

እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ብሆን የምገዛው ባለሁለት ማርሽ የባትሪ ድሪል፣ መልቲቱል የሚባለውን ስለቱ የሚርገበገብ ማሽን፣ እና 125 ሚሊሜትር ክብ ማለስለሻ ነው። አራተኛው መሣሪያ አቧራ መምጠጫ ነው። ብዙ ሰው አቧራ መምጠጫን ከመሣሪያ አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ከአራቱ አንዱን ቀንስ ብባል እሱን አልቀንስም። ለምን እንደሆነ ማለስለሻው ላይ ስደርስ እነግርዎታለሁ።

አስቀድሞ ስለ ባትሪ። የመጀመሪያውን ድሪል ሲገዙ የገዙት አንድ ማሽን ብቻ እንዳይመስልዎ። የአንዱ አምራች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላው አምራች ማሽን አይገባም፤ ስለዚህ በኋላ የሚመጡትንም ያን ዕለት መርጠዋል ማለት ነው። ከመክፈልዎ በፊት በዚያው ባትሪ የሚሠራ መልቲቱል፣ ጂግሶ (ስለቱ ወደላይና ወደታች የሚመላለስ መጋዝ) እና የእጅ መብራት መኖሩን ያጣሩ። ለጀልባም ለቤትም የሚበቃው ባለ 18 ቮልቱ ነው። አንዳንዱ ላይ «20 ቮልት» የሚል ቢያዩ ይበልጣል ብለው አይሳቱ። ሁለቱም ውስጥ በተከታታይ የተያያዙ 5 ሴሎች አሉ፤ አንዱ ሴል ሙሉ ሲሆን 4 ቮልት ገደማ፣ በሥራ ላይ ደግሞ 3.6 ቮልት ይሰጣል። 5ን በ4 ቢያባዙ 20፣ በ3.6 ቢያባዙ 18። ባትሪው ያው ባትሪ ነው።

ምን ያህል እንደሚያሠራዎት ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ያባዙት። 18 ቮልት፣ 5 አምፔር-ሰዓት 90 ዋት-ሰዓት ይይዛል። 300 ዋት የሚስብ ማሽን ሳያቋርጥ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ይህን በ18 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ድሪል ግን ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ያርፋል፤ በአንድ ባትሪ ግማሽ ቀን ሊያውልዎት ይችላል። ለባትሪና ለገመድ ጥያቄዎ መልሱ ከዚህ ይወጣል፦ እየቆመ የሚሠራው ድሪልና መልቲቱል በባትሪ ይሁኑ፤ ለሰዓታት የሚዞረው ማለስለሻ በገመድ ይሁን። ማለስለሱ የሚሠራው ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ መደገፊያ ላይ ስትቆም ነው፤ ያኔ አቧራ መምጠጫውም ገመድ ስለሚፈልግ ሶኬቱ አጠገብዎ መሆኑ አይቀርም። ባትሪ ሲገዙ አንድ ትልቅና አንድ ባለ 2 አምፔር-ሰዓት ትንሽ ይያዙ። ጀልባ ውስጥ አብዛኛው ሥራ ተጋድመው፣ ክንድ ወደላይ ተዘርግቶ የሚሠራ ነው፤ ትንሹ ባትሪ የሚቀንስልዎት ክብደት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትከሻዎ ላይ ይታወቅዎታል።

ብረሽ-አልባ ሞተር ያለውን ቢመርጡ ጥሩ ነው። ውስጡ የሚፋተግ የካርቦን ብረሽ ስለሌለ ብዙም አይሞቅም፣ ባትሪውንም ይቆጥባል። ብልጭታ አይፈጥርም የሚሉት ግን አደገኛ ማዘናጊያ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ የማብሰያ ጋዝም እንደዚሁ። የፈሰሰው ሁሉ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል፤ በራሱም አይወጣም። የማሽኑ ማብሪያ ራሱ ብልጭታ ሊሰጥ ይችላል፤ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭም እንዲሁ። ተራ የእጅ መሣሪያ ፍንዳታን ታስቦ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ማንኛውንም ማሽን ከማስነሳትዎ በፊት ክዳኑን ይክፈቱ፣ ማራገቢያው ይሥራ፣ በአፍንጫዎም ያረጋግጡ። የቤንዚን ሽታ ካለ ያን ቀን ሥራው በእጅ ካቻቢቴም ቢሆን ይቅር። በአሴቶን (ቶሎ የሚቀጣጠል ማጽጃ ፈሳሽ) ጠርገው ሲጨርሱም ሙሉ በሙሉ እስኪተን ይጠብቁ።

አሁን ወደ ድሪሉ። ሁለት ማርሽ፣ ጣት በሳቡት ልክ የሚፈጥን ቃታ፣ እና ከፑንታ መያዣው በስተኋላ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ይኑረው። ቀለበቱ ቪቴው በቂ ሲጠብቅ «ጠቅ ጠቅ» ብሎ የሚለቅ ነው፤ ይህ ነው የድሪሉ ልጓም። የማዞር ጉልበቱ 50 ኒውተን-ሜትር ከደረሰ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል።

«ኢምፓክት ድራይቨር ይሻለኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እየመታ የሚያጠብቅ ስለሆነ ለጣውላ ሥራ ድንቅ ነው። ቀለበት ግን የለውም። ጄልኮት ላይ ቪቴ ከልክ በላይ ሲጠብቅ በቀዳዳው ዙሪያ የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ይወጣል፤ ውሃም የሚገባው በዚያ ነው። ሌላም ችግር አለ። ጀልባ ላይ የሚገጠመው ብሎንና ዳዶ ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ነው፤ ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ በፍጥነት ሲጠብቅ በፍትጊያው ሙቀት ጥርሱ እርስ በርሱ ይነካከስና ይጣበቃል። ከዚያ ወዲያ ወደፊትም ወደኋላም አይልም፤ መቁረጥ ብቻ ነው። ጥርሱን ቅባት ቀብቶ በዝግታ ማጥበቅ ይህን ያስቀራል። አሉሚኒየም ውስጥ ለዓመታት የተቀበረ የስቴንለስ ቪቴ ሲያጋጥምዎትም (ነጭ ዱቄት የሚመስል ብስባሽ ካዩ እሱ ነው) ኢምፓክቱ የቪቴውን ራስ ሊሰብርብዎት ይችላል። ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ዘይት ማስጠጣት፣ ከዚያ በመዶሻ የሚመታውን የእጅ ካቻቢቴ መጠቀም የበለጠ ፍሬ አለው፤ ምቱ ወደ ውስጥም እየገፋ ስለሚያዞር የካቻቢቴው አፍ ከቪቴው ራስ አያመልጥም።

ስቴንለስ ብረት መብሳት ደግሞ ሰው ሁሉ ተቃራኒውን የሚያደርግበት ሥራ ነው። ፑንታው አልበሳ ሲል ፍጥነት ይጨምራል። ስቴንለስ ሲፋተግና ሲሞቅ የበለጠ ይጠነክራል፤ ከዚያ ፑንታው ላዩ ላይ እየጮኸ ይጠፋል። አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ኮባልት ያለበት ፑንታ ይጠቀሙ፣ ጠብታ ዘይት ጣል ያድርጉ፣ ጠንከር አድርገው ይጫኑ። ረጅም የተጠቀለለ ፍቅፋቂ እየወጣ ከሆነ ልክ ነዎት፤ ዱቄት ከሆነ ፍጥነቱ በዝቷል።

ጄልኮት ሲበሱ ግን ያው ድሪል በሌላ ጠባይ ነው የሚሠራው። ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ፑንታውን በመጀመሪያ ወደኋላ እያዞሩ ጄልኮቱን ብቻ ያስጭሩት፤ ከዚያ ወደፊት ይብሱ። ድሪሉ ላይ የሚገጠመውን ሰፊ ቀዳዳ ማውጫ መጋዝም ሲጠቀሙ እንዲሁ ነው፤ ወደኋላ ሲዞር ጥርሱ ስለማይነክስ ጠርዙ አይቆረስም። ከዚያ የቀዳዳውን አፍ በሾጣጣ ፑንታ ትንሽ ይክፈቱት፤ ቪቴው ሲገባ ጄልኮቱን ወደ ላይ እንዳያነሣው።

የጀልባዋ የላይ ወለል በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፍ መሃል ባልሳ እንጨት ወይም ኮምፔርሳቶ ያለበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ወለል ላይ ቀዳዳ ተበስቶ በሲሊከን ብቻ ሲታሸግ ሲሊከኑ አንድ ቀን ይለቃል፣ ውሃው ይገባል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ ምንም አይታይም። ለ6 ሚሊሜትር ብሎን በመጀመሪያ 12 ሚሊሜትር ይብሱ፤ ከታች በፕላስተር ዘግተው ቀዳዳውን በወፈረ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ይሙሉት፤ ሲደርቅ መሃሉን በ6 ሚሊሜትር ይብሱት። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ማሸጊያው ቢለቅ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። ለአንዲት ቀዳዳ ሁለት ቀን መፍጀት ይከብዳል፤ እኔ ግን ወለል ቀድጄ የበሰበሰ እንጨት በማንኪያ ያወጣሁባቸውን ቀናት አስታውሼ አንድም ጊዜ ዘልዬው አላውቅም።

መልቲቱል ብዙ ሰው እንደ ትርፍ የሚያየው ማሽን ነው። ስለቱ አይዞርም፤ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ በምትሆን ጠባብ ቅስት ወዲህ ወዲያ ይርገበገባል፣ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 20,000 ጊዜ። የዘር ሐረጉን ማወቅ ጠባዩን ለመረዳት ይረዳል፦ ፋይን የተባለው የጀርመን አምራች እ.ኤ.አ. በ1967 ለሐኪሞች ከሠራው የጀሶ መቁረጫ መጋዝ የመጣ ነው። ጀሶው ደረቅ ስለሆነ ይቆረጣል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ከስለቱ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ይተርፋል። (የዛሬው መልቲቱል ስለት ግን ጣት ይቆርጣል፤ በዚህ እንዳይዘናጉ።) ያ ውርስ ለጀልባ ሥራ የተቀደሰ ነው ብል አላጋነንኩም። ሌላ መጋዝ በማይገባበት ጠባብ ጥግ ይገባል፣ በቆረጡበት መስመር ላይ ይቆማል፣ ተስፈንጥሮ ፊትዎ ላይ አይመጣም። የደረቀ ማሸጊያ ከመስኮት ዙሪያ ማንሣት፣ የበሰበሰ ኮምፔርሳቶ ግማሹን ብቻ ቆርጦ ማውጣት፣ የተጣበቀ ቧንቧ ባለበት መቁረጥ፣ የሦስት ማዕዘን ጫማ አድርጎ ጥግ ማለስለስ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የበር መቃንን ግርጌ ወለሉ ልክ መቁረጥ፤ ይህ ሁሉ የአንድ ማሽን ሥራ ነው።

እዚህም ልጓሙ ፍጥነት ማስተካከያው ነው። ማሸጊያ ሲያነሡ ዝቅ ያድርጉት፤ ከፈጠነ ማሸጊያው ቀልጦ ይለጠፋል፣ ስለቱም ከሥሩ ያለውን ጄልኮት ያቃጥላል። ስለቱን በተመለከተ፣ ፋይበርግላስ መስታወት ነው፤ ተራ ጥርስ ያለውን ስለት በደቂቃዎች ውስጥ ያደነዝዘዋል። ለእሱ ጥርስ የሌለው፣ ካርባይድ ወይም አልማዝ ብናኝ የተለጠፈበት ይግዙ። ቢሜታል (ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራውን) ስለት ምስማር ላለበት እንጨት ያስቀምጡት። የስለት መግጠሚያው ቅርጽ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ማሽኑን ሲገዙ ስለቱ በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን አብረው ይጠይቁ፤ ስለት የማይገኝለት መልቲቱል ዕቃ ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም።

ማለስለሻው እየዞረ በጎንም የሚወዛወዝ፣ 125 ሚሊሜትር ክብ ጫማ ያለው፣ ፍጥነቱ የሚስተካከልና የአቧራ ቱቦ የሚቀበል ይሁን። ውዝዋዜው 2.5 ሚሊሜትር የሆነው ለማሳመር፣ 5 ሚሊሜትሩ ብዙ ለማንሣት ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ የሚገዙት 2.5ቱን ይያዙ። ቀስ ቢልም ጄልኮት አይበላም፤ ለቁምሳጥኑም የበለጠ ያምራል። የብርጭቆ ወረቀቱን ከሻካራው ወደ ለስላሳው ደረጃ ሳይዘሉ ይሂዱ፤ 80፣ 120፣ 180፣ 240። አይጫኑት፤ የማሽኑ የራሱ ክብደት ይበቃል።

ከውሃው መስመር በታች ያለው ቀለም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እባክዎ ይህን በጥሞና ያንብቡልኝ። አንቲፋውሊንግ የሚባለው ይህ ቀለም አልጌና ቅርፊት ያላቸው ፍጥረታት እንዳይጣበቁ ተብሎ መርዝ የተቀላቀለበት ነው፤ ባብዛኛው የመዳብ ውሕድ። በአሮጌ ጀልባ ላይ ከሥር የቆርቆሮ ውሕድ ያለበት ንጣፍም ሊኖር ይችላል። ያ ዓይነቱ ቀለም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የእርስዎ ጀልባ ያገለገለች ስለሆነች ታሪኳን ካላወቁ እንዳለበት ቆጥረው ይሥሩ። ደረቅ ማለስለስ ይህን መርዝ ዱቄት አድርጎ ሳንባዎ ውስጥና አጠገብዎ በሚሠራው ሰው ላይ ይበትነዋል። በእጅ፣ ውሃ እያርከፈከፉ፣ በመፋቂያ ወይም ውሃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት ይሥሩት፤ ከሥር ፕላስቲክ አንጥፈው የወረደውን ሁሉ ይሰብስቡ። ውሃ ባለበት ቦታ የገመድ ማለስለሻ አያስጠጉ። ማሽን ግድ ከሆነ ከአቧራ መምጠጫ ጋር ተያይዞ ብቻ ነው፤ መምጠጫውም ደቃቅና አደገኛ አቧራ እንዲይዝ የተሠራ፣ ኤም ክፍል የሚባለው ይሁን። አፍንጫዎ ላይ ፒ3 የሚባለው የደቃቅ አቧራ ማጣሪያ ያለው የጎማ ጭንብል፣ ሰውነትዎ ላይ ሙሉ ልብስ ያድርጉ። የወረቀት ጭንብል እዚህ ሥራ ላይ ከምንም አይቆጠርም። አቧራ መምጠጫውን አራተኛው መሣሪያ ያልኩት ስለዚህ ነው፤ ቤት ውስጥም ግድግዳ ሲበሱ፣ እንጨት ሲያለሰልሱ ባለውለታዎ ይሆናል።

ግራይንደርን (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጠውንና የሚሞርደውን ማሽን) ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁም። ባለ 125 ሚሊሜትሩ በደቂቃ 11,000 ያህል ጊዜ ይዞራል፤ ብዙዎቹ ፍጥነት መቀነሻም የላቸውም፤ ልጓም የሌለው ማለት ይኸው ነው። አንድ ጊዜ መደገፊያው ላይ የቆመ ጀልባ አጠገብ ሆኜ የብረት ጋሪ ቆርጬ ነበር፤ ብልጭታው ነጩ ወለል ላይ ሲያርፍ ምንም አልታየኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ ጤዛ ሲወርድበት ወለሉ በሺህ የዝገት ነጠብጣብ ተሸፈነ። የጋለው የብረት ፍንጣሪ ጄልኮቱ ውስጥ ቀልጦ ገብቶ ነበር፤ ለማንሣት ሳምንት ፈጀብኝ፣ የሰው ንብረት ስለነበረም ዛሬም ያሳዝነኛል። ግራይንደር ሲያስፈልግዎት ተውሰው፣ ከጀልባዋ ርቀው፣ በንፋሱ በታች በኩል ሆነው ይጠቀሙ። የተራ ብረት ሽቦ ብሩሽም ስቴንለስ ላይ አያስነኩ፤ ብናኙ ተጣብቆ የማይዝገውን ያዛገዋል።

ፖሊሽ ማድረጊያውን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት። ሲገዙ ቀጥታ የሚሽከረከረውን ሳይሆን እየዞረ የሚወዛወዘውን ይግዙ፤ የመጀመሪያው አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ ጄልኮቱን ያቃጥለዋል።

በገመድ ሲሠሩ መስመሩ 30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ ሲያይ ወዲያው በሚቆርጥ ብሬከር ይጠበቅ። ኤክስቴንሽኑ ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ መጋጠሚያው መሬት ላይ አይተኛ። ባትሪ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ደረቀ ብለው ቻርጅ አያድርጉት፤ ጨው ውስጡ ገብቶ ከቀናት በኋላ እንኳ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ከጀልባዋም ከቤትም ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡትና ለማስወገድ ይዘጋጁ። ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ደረቅ ቦታ ይሁን፤ ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ በታች ሲሆን ቻርጅ አያድርጉ፤ ጀልባዋ ውስጥ ሰካክተው ትተው አይሂዱ።

ሱቅ ሲገቡ ማሽኑን ባትሪው ተገጥሞ ይያዙት፤ ጓንት አድርገው ቃታውን በቀስታ ይሳቡ። አንድ ዙር ለመዞር ሁለት ሰከንድ እንዲፈጅ አድርገው መያዝ ከቻሉ ያ ድሪል ይታዘዝዎታል፤ ከምንም ተነሥቶ የሚዘል ከሆነ መልሰው ያስቀምጡት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉ። የካቻቢቴዎን የፕላስቲክ እጀታ ይዘው የጀልባዋን የላይ ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በተለይ በገመድ ማሰሪያዎችና በመስኮቶች ዙሪያ፣ ያንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድሪሉን አስቀድመው ይግዙ። የደነዘዘ፣ እንደ እርጥብ ካርቶን ያለ ድምፅ ከሰማዎ ውስጡ ውሃ ጠጥቷል ብለው ይጠርጥሩ። ያኔ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፦ አስቀድመው የሚገዙት መልቲቱሉንና አቧራ መምጠጫውን ነው፤ ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ያክብቡት፣ መጠኑንም ለክተው ይጻፉልኝ።